ሳይንሱ ያለፈበት የዳይኖሰር ሥዕል መግዛት ያዋጣልን?

የጥንት ወዳጅ (ቺካጎ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቤቴ ብዙም በማይርቅ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ በወፍራም የሥዕል ካርቶን ላይ በጉዋሽ (በውኃ በሚበጠበጥ ወፈር ያለ ቀለም) የተሠራ አንድ ሥዕል ለሽያጭ ቀርቦ አይቻለሁ። ሥዕሉ ብራኪዮሰረስ የሚመስል አንገተ ረጅም ዳይኖሰር እስከ ጀርባው ድረስ ረግረግ ውስጥ ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ከውኃው በላይ ከፍ አድርጎ ተክል ሲያኝክ ያሳያል። ባለ መደብሩ እንደሚለው በ1960ዎቹ ለልጆች ኢንሳይክሎፒዲያ የተሣለ ኦሪጅናል ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፊርማ የለውም። በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው ሲሞት የቤቱ ዕቃ በሙሉ ሲሸጥ አብሮ የመጣ ነው ብሎኛል። የተጠየቀው ዋጋ የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ስለሆነ፣ ዝም ብዬ ልግዛውም ዝም ብዬ ልተወውም አልቻልኩም።

እስካሁን የሰበሰብኳቸው በሕይወት ካሉ ሠዓሊዎች እጅ በቀጥታ የገዛኋቸው የእርሳስና የውኃ ቀለም ሥራዎች ስለሆኑ፣ ኦሪጅናል ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። በምን ልለየው? ከዚህ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን ሥዕሉ የሚያሳየው ነገር ትክክል አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኬነዝ ከርማክ ገና በ1951 እንዲህ ያለ እንስሳ በዚያ ጥልቀት ቢቆም የውኃው ግፊት ደረቱን ተጭኖ መተንፈስ ይከለክለው እንደነበር ጽፏል፤ በ1970ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ባከር እነዚህ እንስሳት በደረቅ መሬት ይኖሩ እንደነበር አጥብቆ ሲከራከር ረግረጉ ከነጭራሹ እየተተወ መጣ። ስለዚህ ሥዕሉ ሲሠራ ራሱ ሐሳቡ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ስሕተት መሆኑን እያወቃችሁ ግድግዳችሁ ላይ ትሰቅሉታላችሁን? በመጨረሻም፣ ከገዛሁት በኋላ ቅጂ አሳትሜ ለወዳጆቼ ብሰጥ ወይም ብሸጥ ይፈቀድልኛል?

ብራና ጠባቂ (ቶሮንቶ)

የወረቀት ቅርሶችን መጠገን የዕለት ሥራዬ ስለሆነ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልግባ። ከመግዛትዎ በፊት ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ባለ 10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ይዘው ይሂዱና ባለ መደብሩን አስፈቅደው ሥዕሉን ከክፈፉ ያውጡት። በመስታወት ውስጥ ሆኖ የታየ ሥዕል አልታየም ማለት ነው።

የዚያ ዘመን የማተሚያ ቅጂ ከሆነ በማጉያው ሥር ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ክብ ሠርተው ይታዩዎታል። የዛሬ ዘመን የኮምፒውተር ኅትመት ከሆነ ደግሞ የተረጨ የሚመስል ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያያሉ። በእጅ የተቀባ ጉዋሽ ሁለቱም የለውም፤ ቀለሙ ያልተቋረጠ ነው፣ ገጹ አያብረቀርቅም፣ ብሩሹ በቆመበት ቦታ ላይ ቀለሙ ጥቂት ተቆልሎ ጠርዝ ይሠራል። ይህን ለማየት የእጅ ባትሪ ከሥዕሉ ጎን አስጠግተው መብራቱን አግድም ይልቀቁት፤ የተቆለለው ቀለም ጥላ ይጥላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ፤ አንዳንድ ሰው የታተመ ቅጂ ላይ በብሩሽ እየነካካ ኦሪጅናል ያስመስለዋል። ስለዚህ ወፍራም ቀለም ያለበትን ብቻ ሳይሆን ቀለሙ የሳሳበትን ቦታ፣ ሰማዩንና የጠርዙን አካባቢ፣ በጥንቃቄ ይመርምሩ። ነጠብጣቡ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ለመጽሐፍ የተሠራ ሥዕል ከሆነ ዋናው ምስክር ከጠርዙና ከጀርባው ይገኛል። ሥዕሉ ሲታተም የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚያሳዩ አጫጭር መስመሮች በአራቱም ማዕዘን ይኖራሉ፤ በምን ያህል በመቶ እንደሚያንስ የሚገልጽ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሰማያዊ እርሳስ ይጻፋል፤ የገጽ ቁጥር፣ የማተሚያ ቤት ማኅተም፣ አንዳንዴም ለሠዓሊው ይመለስ የሚል ማሳሰቢያ ይገኛል። አጭበርባሪ የሥዕሉን ፊት ለማስመሰል ይደክማል እንጂ ጀርባውን እንዲህ በዝርዝር ለማቆሸሽ የሚጨነቀው ጥቂቱ ነው።

የአልትራቫዮሌት መብራት ካለዎት ካርቶኑን በጨለማ ክፍል ውስጥ ይዩት። ወረቀት አምራቾች ነጭነቱን የሚያጎላ ኬሚካል መጨመር የለመዱት ከ1950ዎቹ ወዲህ ስለሆነ፣ የ1920ዎቹ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሥዕል ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ ነገሩ አበቃ። ለእርስዎ ሥዕል ግን ይህ ፈተና ብዙም አይረዳም፤ በ1960ዎቹ ሁለቱም ዓይነት ወረቀት ነበረና።

እባክዎ በምራቅም ሆነ በእርጥብ ጥጥ ቀለሙን ነክተው ለመሞከር አይነሡ። ጉዋሽ ከደረቀ ከስንት ዓመት በኋላም በውኃ ይሟሟል። ይህን ምክር ከየት እንዳመጡት የማላውቃቸው ሰዎች ያበላሿቸው ሥራዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደርሰዋል።

እሌኒ ዘኒው ሄቨን

ወንድሜ የጥንት ወዳጅ፣ ስሕተት ነው ያሉት ነገር ለእኔ ሥዕሉን ለመግዛት ዋናው ምክንያት ነው። ምክንያቴን በሁለት ሥራዎች ላስረዳ።

እኔ በምኖርበት ከተማ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የፒቦዲ ሙዚየም ውስጥ ሩዶልፍ ዛሊንገር ከ1943 እስከ 1947 በደረቅ ልስን ላይ የሣለው የግድግዳ ሥዕል አለ። ርዝመቱ 33 ሜትር ከግማሽ፣ ቁመቱ 5 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ የፈጀውን የተሳቢ እንስሳት ዘመን ከቀኝ ወደ ግራ ይተርካል። በላዩ ያሉት ዳይኖሰሮች ከባድና ዘገምተኛ ናቸው፤ ጅራታቸውን መሬት ላይ ይጎትታሉ፤ አንገተ ረጅሙም ልክ እንደ እርስዎ ሥዕል ውኃ ውስጥ ነው ያለው። ሙዚየሙ ሕንፃውን በሙሉ አድሶ በ2024 ሲከፈት ይህን ግድግዳ ሳይነካ ጠብቆታል፤ አርሙት ያለ ሰው መኖሩንም አልሰማሁም። የ1940ዎቹ ምሁራን የሚያውቁትን ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የያዘ ሰነድ ስለሆነ ማረም ማለት ሰነዱን መደምሰስ ይሆናል። ለሰብሳቢ ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅም ታሪክ አለው፤ ዛሊንገር ወደ ግድግዳው ከመውጣቱ በፊት በእንቁላል ቀለም የሠራው አነስተኛ ጥናት (የሙከራ ሥዕል) ነበር፤ በ1953 ላይፍ መጽሔት አትሞ በየቤቱ ያደረሰውም ግድግዳውን ሳይሆን ያንን ጥናት ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ያየው፣ የፕላስቲክ መጫወቻ ሠሪዎችም የገለበጡት ዳይኖሰር ከዚያ የወጣ ነው። ረቂቅ ነው ተብሎ የሚናቅ ሥራ ከተጠናቀቀው የበለጠ ሕይወት ሊኖረው ይችላልና፣ ለወደፊቱም የሠዓሊ ጥናት በርካሽ ካገኙ አይለፉት።

ሁለተኛው ቻርልስ ናይት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐይኑ ደካማ ነበር፤ ጭራሽ አንደኛው ዐይኑ በድንጋይ ተመትቶ ተጎድቷል፤ ሆኖም ከ1874 እስከ 1953 በኖረበት ዘመን ዳይኖሰርን ለዓለም ያሳየ የእርሱን ያህል ሰው የለም። በ1897 ሁለት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ሲፋለሙ፣ አንዱ በጀርባው ተንጋሎ ሌላው አየር ላይ ዘሎ ሊያርፍበት ሲል የሚያሳይ ሥዕል ሠራ፤ ሐሳቡን ያካፈለው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኤድዋርድ ኮፕ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ዳይኖሰር እንደ አዞ ፈዛዛ ነው የሚለው አመለካከት እየበረታ ሲሄድ ያ ዝላይ ለብዙዎች የተጋነነ መሰለ። በ1969 ጆን ኦስትሮም ዳይኖኒከስን አጥንቶ ፈጣንና ንቁ አዳኝ እንደነበር ሲያሳውቅ ግን የናይት ዝላይ ከኋላ ዞሮ ከፊት ተገኘ። ናይት የሣለው እንስሳ ስም እንኳ ላይላፕስ የሚለው ቀርቶ ድሪፕቶሰረስ ሆኗል፤ ላይላፕስ አስቀድሞ ለአንዲት መዥገር መሰል ደቃቅ ተባይ የተሰጠ ስም ነበርና። ስሙ ያለፈበት፣ አጥንቱም በአብዛኛው ያልተገኘ እንስሳ ሥዕል ዛሬም በኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የከበረ ንብረት ነው።

ቺካጎ መሆንዎን ካወቅሁ ዘንዳ፣ ፊልድ ሙዚየም ገብተው ናይት በ1920ዎቹ መጨረሻ የሠራቸውን 28 ግዙፍ ሥዕሎች ይመልከቱ። ታይራኖሰረስና ትራይሴራቶፕስ ፊት ለፊት የተፋጠጡበት የታወቀው ሥዕል እዚያ ነው። ከዚያ ተመልሰው የመደብሩን ሥዕል ቢያዩት ሠዓሊው ከማን እንደተማረ፣ ምን እንደወሰደ ለማየት ይቀልዎታል።

ቀጥተኛው (ዋሽንግተን ዲሲ)

ሁላችሁንም አክብሬ፣ እኔ አልስማማም። ናይትና ዛሊንገር ለሙዚየም የሠሩ ታላላቅ ናቸው፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ለልጆች መጽሐፍ የሠራውን ረግረግ በእነርሱ ጥላ ሥር ማስጠለል ተገቢ አይመስለኝም። የ1960ዎቹ የልጆች መጻሕፍት ሠዓሊዎች አብዛኞቹ አጥንት አጠገብ ሳይደርሱ ከዛሊንገርና ከቼኩ ዝዴኒየክ ቡሪያን ሥራ የገለበጡ ናቸው። የቅጂ ቅጂ በእጅ ስለተሠራ ብቻ ሰነድ ይሆናል?

ገንዘቡን በሕይወት ላሉ ሠዓሊዎች ቢያውሉት ይሻላል። በዚያው በእርስዎ ከተማ ጆን ላንዘንዶርፍ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሀብታም ቤተሰብ ወይም የሳይንስ ትምህርት ሳይኖረው በዘመኑ ለነበሩ ምርጥ የዳይኖሰር ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ሥራ እያዘዘ፣ በዓለም ትልቁ የሚባል የግል ስብስብ አከማቸ። ስብስቡ ኋላ ወደ ኢንዲያናፖሊስ የሕፃናት ሙዚየም ገባ፤ የአከርካሪ አጥንት ያላቸው ቅሪተ አካላት አጥኚዎች ማኅበርም ለዘርፉ ሠዓሊዎች የሚሰጠውን ሽልማት በስሙ ጠራው። ሰውየው ያን ያህል የተከበረው የሞተ ሰው ሥዕል ሲያድን ስለኖረ ሳይሆን፣ ሠዓሊዎቹ በሚሠሩበት ዘመን ስለከፈላቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ አብዛኛው የዳይኖሰር ሥዕል በኮምፒውተር ስለሚሠራ ኦሪጅናል የሚባል ቁስ የለውም፤ ተፈርሞበት ከ250 ቅጂ 12ኛው ተብሎ ቢሸጥም ኅትመት ኅትመት ነው። ስለዚህ አሁንም በብሩሽና በእርሳስ የሚሠሩትን ፈልጎ መደገፍ ከድሮው ይልቅ አስቸኳይ ነው እላለሁ።

እሌኒ ዘኒው ሄቨን

አቶ ቀጥተኛው፣ ስለ ሕያዋን ሠዓሊዎች የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የእነርሱም ሥራ እኮ ያልፍበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቬሎሲራፕተርን ቆዳው እንደ እንሽላሊት ራቁት አድርጎ የሣለ ሰው በጊዜው የነበረውን ጥናት አክብሮ ነው የሠራው፤ በ1996 ከቻይና ላባ መሰል ክር የለበሰው ሳይኖሳውሮፕተሪክስ ይፋ ሆነ፣ በ2007 ደግሞ በቬሎሲራፕተሩ በራሱ ክንድ አጥንት ላይ ላባ የተተከለባቸው ጉብታዎች ተገኙ። በ2010 የሳይኖሳውሮፕተሪክስ ጅራት ቀይ ቡናማና ነጭ ቀለበት እንደነበረው ከቀለም ቅንጣቶቹ ታወቀ፤ ከዚያ በፊት በአረንጓዴ የተሣለው ሁሉ በአንድ ቀን አረጀ። ትክክል የሆነውን ብቻ እገዛለሁ የሚል ሰብሳቢ በየአሥር ዓመቱ ግድግዳውን ማራገፍ ይኖርበታል። እኔ የምጠይቀው ሠዓሊው በዘመኑ የነበረውን ማስረጃ ራሱ አይቶ አስቦበታል ወይስ ገልብጧል የሚለውን ነው፤ በዚህ በኩል የእርስዎ ጥርጣሬ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ይመስለኛል፤ መልሱ ግን ያለው ሥዕሉ ላይ ነው እንጂ እዚህ አይደለም።

ሕግ አዋቂ (ለንደን)

ስለ ማሳተሙ በአጭሩ። በአሜሪካ ከ1978 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ሥዕሉን መግዛትና የማባዛት መብቱን መግዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሥዕሉን ለወዳጅዎ ማሳየት፣ መልሰው መሸጥ ይችላሉ፣ ማሳተም ግን አይችሉም። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሳሰበው ሥዕሉ ከዚያ በፊት የተሠራ በመሆኑ ነው። በ1963 መጨረሻ ወይም ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሥራ በ28ኛው ዓመቱ ካልታደሰ መብቱ ወድቋል፤ ከ1964 ወዲህ የታተመ ከሆነ ግን ዕድሳቱ በሕግ በራሱ ስለሚመጣ መብቱ እስከ 95 ዓመት ይዘልቃል። በተጨማሪም የዚያ ዘመን አሳታሚዎች ሥዕሉን በትእዛዝ ስለሚያሠሩት ባለ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው ሳይሆን ድርጅቱ ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን ስምና የታተመበትን ዓመት ሳያገኙ አንድም ቅጂ አያውጡ። መጽሐፉ ቢገኝ ኦሪጅናልነቱን ለማረጋገጥም ይጠቅማል፤ የታተመው ገጽና ሥዕሉ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኦሪጅናሉ ከታተመው ሰፋ ብሎ፣ የተቆረጠው ጠርዝ በላዩ ይታያል።

አውሮፓ ውስጥ የሚገዙ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ይወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና እዚህ እንግሊዝ ሠዓሊው በሕይወት ካለ ወይም ከሞተ 70 ዓመት ካልሞላው፣ ሥዕሉ በጨረታ ቤት ወይም በነጋዴ በኩል እንደገና በተሸጠ ቁጥር፣ ዋጋው ከተወሰነ መጠን ካለፈ፣ ቢበዛ 4 በመቶ ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ይከፈላል። አሜሪካ በአገር አቀፍ ደረጃ ይህ የለም።

ኅትመትን ግን ጨርሶ አትናቁ። ሄንሪ ደ ላ ቤሽ በ1830 የጥንቱን የዶርሴት ባሕርና አውሬዎቹን በውኃ ቀለም ሲሥል ያን ሁሉ ቅሪተ አካል ከላይም ሪጂስ ገደል ፈልፍላ ያወጣችው ሜሪ አኒንግ ገንዘብ አጥሯት ነበር፤ ጆርጅ ሻርፍ በድንጋይ ኅትመት ያባዛው ቅጂ ለወዳጆች ተሽጦ ገቢው ለእርሷ ዋለ። ኦሪጅናሉ ካርዲፍ ሙዚየም ስለሆነ ለግለሰብ አይደርስም፤ የዚያ ዘመን ኅትመት ግን ራሱን የቻለ ቅርስ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ (አዲስ አበባ)

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። እኛ ዘንድ የዳይኖሰር ቅሪት በጣም ጥቂት ነው፤ በአባይ ሸለቆ አካባቢ ካለው የጁራሲክ ዘመን ደለል የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል፣ ሙሉ አጽም ግን የለም። ስለዚህ ከአጥንት ተነሥቶ እንስሳን መሣል ምን እንደሚመስል የሚያሳየን የቅርብ ምሳሌ ዳይኖሰር ሳይሆን የሰው ዘር ጥንታዊ ዘመድ የሆነችው አርዲ ናት። አሜሪካዊው ጄይ ማተርነስ በ2009 ሳይንስ መጽሔት ላይ ለወጣው የአርዲፒቴከስ ራሚደስ ጥናት በሠራቸው ንድፎች ከአጥኚዎቹ ጋር እየተማከረ መጀመሪያ አጽሙን፣ ቀጥሎ ጡንቻውን፣ በመጨረሻ ቆዳና ፀጉሩን አልብሷል። እሌኒ የጠየቁት ጥያቄ፣ ማለትም ሠዓሊው አስቦበታል ወይስ ገልብጧል የሚለው፣ በዚህ ዓይነት መንገድ ነው የሚታወቀው፤ አስቦበት ከሆነ ከቆዳው ሥር ምን እንዳለ ያውቃልና። የእርሳስ መስመር ካለ ይፈልጉ እላለሁ።

አቶ ቀጥተኛው ሥራ ማዘዝን ስላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቃን እንዲህ ያለ ሥራ በደንብ ይሠራሉ። ብቻ የሚያዝዝ ሰው የአጽሙን ትክክለኛ ንድፍ አብሮ ይላክ፣ ክፍያውንም ለእርሳስ ረቂቁና ለተጠናቀቀው ከፍሎ ይስጥ፤ ቀለም ከገባ በኋላ ጅራቱን አንሣው ማለት ሠዓሊውን ማንገላታት ነው።

የጥንት ወዳጅ (ቺካጎ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማጉያና ባትሪ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ፤ ባለ መደብሩ ጨዋ ሰው ስለሆነ ክፈፉን ራሱ ፈታልኝ። ነጠብጣብ በሰማዩም በጠርዙም የለም። በአራቱ ማዕዘን የመቁረጫ መስመሮች አሉ፤ በታችኛው ጠርዝ በሰማያዊ እርሳስ 60 በመቶ ይላል፤ በጀርባው የገጽ ቁጥርና የደበዘዘ ክብ ማኅተም አለ፣ የድርጅቱ ስም ግን አይነበብም።

የእርሳሱ ነገር ግን የበለጠ አስገረመኝ። ውኃው በሳሳ አረንጓዴ የተቀባ ስለሆነ ባትሪውን በጎን ስይዘው ከሥሩ የእንስሳው አካል በሙሉ ታየኝ። አራቱም እግሮች እስከ ጣቶቹ ድረስ ተሥለዋል፤ የፊቶቹ ከኋላዎቹ እንደሚረዝሙ፣ ትከሻው ከዳሌው ከፍ እንደሚል በግልጽ ይታያል፤ በትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ የተሞከረ መስመር አለ፣ የመጀመሪያው ዝቅ ያለ፣ ሁለተኛው የተስተካከለ። ጅራቱም ከመሬት ከፍ ብሎ ተጀምሮ ኋላ በላስቲክ ጠፍቶ ወርዷል። ሠዓሊው መጀመሪያ እንስሳውን በደረቅ መሬት ላይ አቁሞ፣ ከዚያ ነው ውኃ የሞላበት። አሳታሚው አዞት ይሁን ራሱ ወስኖ መናገር አልችልም፤ አቶ ቀጥተኛው እንዳሉት ከሌላ ሥዕል የገለበጠ ሰው ግን የማይታይ እግር ለመሣል አይደክምም ነበር።

ዋጋውን ጥቂት አስቀንሼ ገዝቼዋለሁ፤ ከማን ቤት እንደመጣም ባለ መደብሩ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ አስፍሮልኛል። መጽሐፉን እየፈለግሁ ስለሆነ ገጹን የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። አሁን የቀረኝ አሰቃቀሉ ነው፤ ሳሎኔ ፀሐይ ይገባዋል።

ቀጥተኛው (ዋሽንግተን ዲሲ)

የእግሩ ነገር አሸንፎኛል። የጀርባውን ማኅተም ፎቶ በጎን ብርሃን አንሥተው ቢለጥፉት ደብዛዛውን ለማንበብ እሞክራለሁ፤ የዚያ ዘመን የልጆች መጻሕፍት ጥቂት አሉኝ።

ብራና ጠባቂ (ቶሮንቶ)

እንኳን ደስ አለዎት። ሳሎኑን ይርሱት፤ ፀሐይ የማይደርስበት መተላለፊያ ካለ እዚያ ይስቀሉት። ለእንዲህ ዓይነት ቀለም ሙዚየሞች ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) የማይበልጥ ብርሃን ነው የሚፈቅዱት፤ የጠፋ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ክፈፍ ሠሪውን አልትራቫዮሌት የሚከለክል መስታወትና ከአሲድ የጸዳ ካርቶን እንዲጠቀም ይንገሩት፤ በመስታወቱና በቀለሙ መካከል ክፍተት መኖሩን ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ፣ ጉዋሽ መስታወት ላይ ይጣበቃልና። የጠርዙን መስመሮችና የ60 በመቶውን ጽሑፍ የሚቆርጥ ወይም የሚያጸዳ ክፈፍ ሠሪ ካጋጠመዎት ሥዕሉን ይዘው ይውጡ። እስኪሰቀል ድረስ በጠፍጣፋ ቦታ አስተኝተው፣ በፕላስቲክ ሳይጠቀልሉ፣ ከአሲድ የጸዳ ስስ ወረቀት አልብሰው ያቆዩት።